«በእኛ በኩል ችግር የለም» ሲባል፦ በሁለት አቅራቢዎች መካከል የጠፋ ትራፊክ አፈላለግ

ለኢንተርኔት አቅራቢ ስትደውሉ የምትሰሙትን መልስ ታውቁታላችሁ። «ላይኑ አፕ ነው፤ በእኛ በኩል ችግር የለም።» ለሁለተኛው አቅራቢ ትደውላላችሁ። እሱም ያንኑ ይደግመዋል። የሚገርመው ሁለቱም አይዋሹም። ላይኑ እውነትም አፕ ነው። ችግሩ ያለው ከሁለቱም ወዲያ፣ አንዱ ኔትወርክ ትራፊኩን ለሌላው በሚያስረክብበት ቦታ ነው። ያንን ቦታ ደግሞ ማስረጃ ይዞ የሚጎተጉት ሰው ከሌለ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

የምሠራው ኮምቦልቻ በሚገኝ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ዋናው ቢሯችን ደሴ ነው። ከሁለት አቅራቢዎች መስመር እንወስዳለን። የራሳችን አይፒ አድራሻና የራሳችን ኤኤስ ቁጥር (ኔትወርካችን በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት መለያ) አለን። ከሁለቱም ጋር በቢጂፒ፣ ኔትወርኮች «ይህ አድራሻ በእኔ በኩል ይደረሳል» በሚባባሉበት ፕሮቶኮል ነው የምንገናኘው። ይህን የምጽፈው እዚህ አካባቢ ተመሳሳይ ሥራ ለጀመሩ ልጆች ነው። አንድ መስመር ብቻ ያላችሁም ብትሆኑ ግማሹ ይጠቅማችኋል።

በምሳሌዎቹ ውስጥ የማነሳቸው 203.0.113.0/24 እና 192.0.2.0/24 ለማስተማሪያ ተብለው የተለዩ አድራሻዎች ናቸው። ከ64496 እስከ 64511 ያሉት የኤኤስ ቁጥሮችም እንዲሁ። ራውተራችሁ ላይ እንዳትገለብጧቸው።

ሥራውን ስትጀምሩ ይህን ያዙ። ከእናንተ የሚወጣው ትራፊክ በየት እንደሚሄድ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ወደ እናንተ የሚመጣው በየት እንደሚመጣ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። እናንተ ልታግባቡት ብቻ ትችላላችሁ። ስለዚህ ፍለጋው ሁሉ የሚነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ የታመመው መሄጃው ነው ወይስ መመለሻው?

መጀመሪያ ራውቲንግ መሆኑን አረጋግጡ

ከደሴ ቢሮ ስልክ ይደወላል። «አንተ ልጅ፣ ኢንተርኔቱ ዛሬም ተኝቷል!»

«አብሽሩ እትዬ። ምኑ ነው የተኛው? ሁሉም ነው ወይስ የሒሳቡ ሲስተም ብቻ?»

ይህቺ ጥያቄ ብዙ ድካም ታስቀራለች። ሁሉም ነገር ከቆመ አብዛኛውን ጊዜ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያልተነሳ ስዊች ነው፣ ወይ ዋይፋይ ነው፣ ወይ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረው) ነው። አንድ መዳረሻ ብቻ ከቆመ፣ ወይም ደሴ ቆሞ ኮምቦልቻ ከሠራ፣ ያኔ ነው ራውቲንግ፣ ማለትም የመንገድ ምርጫው የሚጠረጠረው።

በቅደም ተከተል ፒንግ አድርጉ። የራሳችሁን ራውተር፣ ከዚያ የአቅራቢውን የመጀመሪያ ራውተር፣ ከዚያ መዳረሻውን በአይፒ፣ በመጨረሻ በስሙ። በአይፒ ሠርቶ በስም እምቢ ካለ ጉዳዩ የዲኤንኤስ ነው፤ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ። የሊንኩን ግራፍም እዩ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ጣሪያ ነክቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ከዋለ መስመሩ ሞልቷል ማለት ነው። ለሞላ መስመር መፍትሔው ትራፊክ ወደ ሌላው መስመር ማሸጋገር ወይም አቅም መግዛት ነው። ትሬስራውት (ፓኬት የሚያልፍባቸውን ራውተሮች የሚዘረዝር መሣሪያ) ላይ ማፍጠጥ ለዚህ ምንም አይጠቅምም።

ደህናውን ቀን ለኩት

በታመመ ቀን ብቻ የሚለካ ሰው የሚያወዳድርበት የለውም። ደህና በሆነው ቀን ለኩና አስቀምጡ።

ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ 100 ኪሎ ሜትር ርቀት ደርሶ መልስ 1 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ከደሴ አዲስ አበባ በመኪና መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዝቅተኛው 4 ሚሊ ሰከንድ መሆኑ ነው። ፋይበሩ እየዞረ ስለሚሄድ 10 ወይም 15 ባይ አልገረምም። 150 ካየሁ ግን፣ መስመሩ ካልተጨናነቀ በቀር፣ ያ ፓኬት በቀጥታ አዲስ አበባ አልሄደም። ከአገር ወጥቶ ባሕር ተሻግሮ ነው የተመለሰው።

ይህ ቀልድ አይደለም። ሁለት ኔትወርኮች አንድ ከተማ ውስጥ ሆነው እርስ በርስ ቀጥታ መገናኛ ከሌላቸው፣ ወይም መገናኛው እያለ የእናንተ ፕሪፊክስ (የአይፒ አድራሻ ክልላችሁ) በእሱ በኩል ካልተላለፈ፣ ትራፊኩ ሁለቱም የሚገዙት የውጭ ትራንዚት (ወደ ቀረው ኢንተርኔት የሚያደርስ ኔትወርክ) ድረስ ሄዶ እዚያ ይገናኛል። አገራችን ባሕር በር ስለሌላት ወደ ባሕር ሥር ገመዶቹ የምንደርሰው በጎረቤት በኩል ነው፤ በጅቡቲ፣ በኬንያ። አገር ውስጥ ለቀረ መልእክት ይህን ሁሉ መዞር ያናድዳል። ምልክቱ ግን ግልጽ ስለሆነ ለማግኘት ቀላል ነው፦ ቅርብ የሆነ መዳረሻ የሩቅ ጊዜ ያሳያል።

እኔ በየሳምንቱ የምለካቸው መዳረሻዎች ጥቂት ናቸው። የሁለቱ አቅራቢዎች የመጀመሪያ ራውተር፣ አዲስ አበባ ውስጥ በየአቅራቢው ያለ አንድ አንድ ሰርቨር፣ የሒሳቡ ሲስተም ያለበት የአውሮፓ ሰርቨር፣ እና የጉግል ዲኤንኤስ 8.8.8.8። ውጤቱን ቀን ጽፌበት በፋይል አስቀምጣለሁ። በሁለቱም መስመር ነው የምለካው፤ በአንዱ ብቻ የለካ ግማሹን ነው የለካው።

ይህ ልማድ የባሕር ገመድ ሲበጠስ በጣም ይጠቅማል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በየካቲት 2016 ቀይ ባሕር ውስጥ ኤኤኢ-1፣ ኢአይጂ እና ሲኮም የተባሉ ገመዶች ተጎድተው ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ በግንቦት ደግሞ ከኬንያ ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚወርደው መስመር ላይ ኢሲ እና ሲኮም ተበጠሱ። እንዲህ ሲሆን ትራፊክ ወደ ቀሩት ገመዶች ይጎርፋል። ሚሊ ሰከንዱ ይጨምራል፣ ማታ ማታ ፓኬት ይጠፋል። ኮምቦልቻ ተቀምጦ ይህን የሚጠግን የለም። የቆየ ልኬት ያለው ሰው ግን ከሁለቱ መስመሮቹ የትኛው ብዙም እንዳልተነካ ቶሎ ያውቅና አስፈላጊውን ሥራ ወደዚያ ያዞራል።

ትሬስራውትን ማንበብ

በዚህ ሥራ ውስጥ እንደ ትሬስራውት በተሳሳተ መንገድ የሚነበብ ነገር አላየሁም። ሰው 5ኛው ሆፕ (መንገድ ላይ ያለ ራውተር) ላይ 60 በመቶ የፓኬት ጥፋት ያይና ስልክ ያነሳል። ከ6ኛው እስከ መጨረሻው ዜሮ መሆኑን አያይም። ራውተር ዋና ሥራው ፓኬት ማሳለፍ ነው። ለእናንተ ጥያቄ መልስ መስጠት ትርፍ ሥራው ነው፤ ሲበዛበት ይተወዋል። ጥፋት ጥፋት የሚሆነው ከአንድ ሆፕ ጀምሮ እስከ መድረሻው ሲቀጥል ነው። ኮከብ ብቻ የሚያሳይ ሆፕም እንዲሁ፤ ከሱ በኋላ ያሉት ከመለሱ ምንም አልሆነም። የሚሊ ሰከንድ ዝላይም በተመሳሳይ መንገድ ይነበባል። ዘልሎ እዚያው ከቀረ ርቀት ወይም መጨናነቅ ነው፤ ዘልሎ ከወረደ ግን ተዉት።

አንድ ጊዜ ብቻ አትሩጡት። ትሬሱን ደጋግሞ የሚያስኬደውን ኤምቲአር ተጠቅማችሁ ቢያንስ 100 ፓኬት ላኩ። አይሲኤምፒ (ፒንግ የሚሄድበት ፕሮቶኮል) የተዘጋበት መዳረሻ ከሆነ በቲሲፒ፣ አገልግሎቱ በሚሠራበት ፖርት ሞክሩ። ብዙ ጊዜ ፋየርዎል ቆርጦት ነው «ተቋረጠ» የሚባለው።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ትሬስራውት የሚያሳያችሁ መሄጃውን ብቻ ነው። ጊዜው ግን የደርሶ መልስ ነው። ከኮምቦልቻ ጅቡቲ የሚወርድ ከባድ መኪና በባቲ በሚሌ አድርጎ ይሄዳል፤ ሲመለስ በአዋሽ በኩል አዲስ አበባ ጭነት አራግፎ በደብረ ብርሃን ሊመጣ ይችላል። «ለምን ቆየ?» ብላችሁ የባቲን መንገድ ብትመረምሩ ምንም አታገኙም። ፓኬትም እንደዚያው ነው። በአንደኛው አቅራቢ ወጥቶ በሁለተኛው ሊመለስ ይችላል። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። ኢንተርኔት ላይ የተለመደ ነው።

ስለዚህ ሁልጊዜ ከወዲያኛው ጫፍ ወደ እናንተ የተሠራ ትሬስ ፈልጉ። እዚያ ሰው ካላችሁ ጠይቁት። ከሌላችሁ በነፃ የሚገኙ መሣሪያዎች አሉ። ብዙ ትልልቅ ኔትወርኮች ሉኪንግ ግላስ የሚባል ገጽ አላቸው። ከእነሱ ራውተር ሆናችሁ ወደ 203.0.113.0/24 የሚወስደውን መንገድ ታያላችሁ፣ ፒንግና ትሬስም ታስደርጋላችሁ። ራይፕ አትላስ በየአገሩ በፈቃደኞች ቤትና ቢሮ ከተተከሉ ትንንሽ መለኪያዎች ወደ እናንተ ያስለካል። ራይፕስታት እና ራውትቪውስ ደግሞ ፕሪፊክሳችሁ ዓለም ላይ በየትኛው ኤኤስ ፓዝ (በየትኞቹ ኔትወርኮች አልፎ) እንደሚታይ ያሳያሉ፤ የትናንቱንና ያለፈውን ሳምንትም ጭምር። «ትናንት ደህና ነበር፣ ምን ተለወጠ?» ለሚለው ጥያቄ የሚመልሱት እነዚህ ናቸው።

አንድ ልዩ ጉዳይ ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚያሳብድ። አንድ ጊዜ ደሴ ቢሮ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ኮምፒውተሮች አንዱ የአውሮፓውን ሲስተም ይከፍታል፣ ሌላው አይከፍትም። ኬብል ተቀየረ፣ አንቲቫይረስ ተወቀሰ። ጥፋቱ ግን አውሮፓ አጠገብ ነበር። አቅራቢዎች በሁለት ራውተር መካከል አንድ ትልቅ ሊንክ ሳይሆን ብዙ ሊንክ አስረው ይጠቀማሉ። የትኛው ግንኙነት በየትኛው ሊንክ እንደሚያልፍ የሚወሰነው በመነሻና መድረሻ አይፒ፣ ብዙ ጊዜም በፖርት ቁጥር ስሌት ነው። ከታሰሩት አንዱ ከታመመ በእሱ የወደቁት ብቻ ይሰቃያሉ። ምልክቱ ይህ ነው፦ ስሌቱ አይፒን ብቻ ካየ አንድ ኮምፒውተር ወደ አንድ መዳረሻ ሁልጊዜ እምቢ ይላል፣ ጎረቤቱ ሁልጊዜ ይሠራል፤ ፖርትንም ካየ ከአንድ ኮምፒውተር አንዱ ግንኙነት ሠርቶ ሌላው እምቢ ይላል። መነሻ ፖርቱን እየቀያየራችሁ በቲሲፒ ሞክሩት። አንዳንዱ ፖርት ሠርቶ አንዳንዱ እምቢ ካለ አገኛችሁት። ለአቅራቢው የሠራውንና ያልሠራውን የፖርት ቁጥር ስትሰጡት ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

መውጫውን ማስተካከል

ይህ ቀላሉ ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። ራውተር ከሁሉ በፊት የሚያየው የፕሪፊክሱን ርዝመት ነው። ወደ አንድ አድራሻ ስላሽ 22 እና ስላሽ 24 (ቁጥሩ ሲጨምር የአድራሻ ክልሉ ይጠብባል) ካለው በስላሽ 24ቱ ይሄዳል፤ ሌላ ምንም አያወዳድርም። እኩል ርዝመት ያላቸው ሲሆኑ ነው የቢጂፒ ምርጫ የሚመጣው። ከቁም ነገሮቹ መጀመሪያ ሎካል ፕሪፈረንስ (ራሳችሁ ለመንገዱ የምትሰጡት የቅድሚያ ቁጥር)፣ ቀጥሎ የኤኤስ ፓዝ አጭርነት፣ ከዚያ ኦሪጅን፣ ከዚያ ሜድ፣ ወዘተ።

ሎካል ፕሪፈረንስ የእናንተ በትር ነው። ካልተነካ ብዙ ጊዜ 100 ነው፣ ትልቁ ያሸንፋል። ዋናውን መስመር 200 አድርጉት። በሁለተኛው የተሻለ የሚደረስባቸውን መዳረሻዎች ለይታችሁ በዚያ በኩል 300 ስጧቸው። ሁሉንም ትራፊክ በአንድ ቀን አታዙሩ። በአንድ መዳረሻ ጀምሩ፣ ለኩ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ሰንጠረዡ ላይ መንገድ አለ ማለት መንገዱ ይሠራል ማለት አይደለም። ቢጂፒ የሚያውጀው «በእኔ በኩል ይደረሳል» የሚለውን ነው። ስንት ፓኬት እንደሚጠፋ አይነግራችሁም።

የራሳችሁ አድራሻ ሳይኖራችሁ የየአቅራቢውን አይፒ በናት (የውስጥ አድራሻን በአቅራቢው አድራሻ በመቀየር) የምትጠቀሙ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። መነሻው በአንደኛው አቅራቢ አይፒ የተቀየረ ፓኬት በሁለተኛው መስመር ከወጣ፣ ሁለተኛው «ይህ አድራሻ የእኔ ደንበኛ አይደለም» ብሎ ይጥለዋል። ትክክልም ነው። ከየትኛው አይፒ የመጣ በየትኛው መስመር እንደሚወጣ በመነሻ አድራሻ ለዩት።

መግቢያው ላይ ነው ትግሉ

አብዛኛው ድርጅት ከሚልከው የሚቀበለው ይበዛል። ስለዚህ የሚሞላው መግቢያው ነው። መግቢያውን ደግሞ እናንተ አታዙበትም።

ሁሉም መጀመሪያ የሚሞክረው ፕሪፔንድ ነው። የራስን ኤኤስ ቁጥር ደጋግሞ በመጻፍ ፓዙን ማስረዘም ማለት ነው። 64500 የእኛ ነው እንበል። በሁለተኛው አቅራቢ በኩል «64500 64500 64500» ብለን ብናውጅ ሩቅ ያለው ኔትወርክ አጭሩን፣ የአንደኛውን መንገድ ይመርጣል። አንዳንድ ጊዜ ይሠራል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አምስት ጊዜ ደግማችሁም ንቅንቅ አይልም።

ለምን? ምክንያቱ ገንዘብ ነው። አቅራቢ ለደንበኛው ያደረሰው ትራፊክ ገቢ ያስገኝለታል። ከፒር፣ ማለትም ከእኩያ ኔትወርክ ጋር የሚለዋወጠው ብዙ ጊዜ በነፃ ነው። ከትራንዚት የሚገዛው ያስከፍለዋል። ስለዚህ በራሱ ኔትወርክ ውስጥ ከደንበኛ ለተማረው መንገድ ከፍተኛውን ሎካል ፕሪፈረንስ ይሰጣል፣ ከፒር ለተማረው መካከለኛውን፣ ለትራንዚት ዝቅተኛውን። ሎካል ፕሪፈረንስ ደግሞ ከኤኤስ ፓዝ በፊት ነው የሚታየው። እናንተ ለሁለተኛው አቅራቢ ደንበኛ ናችሁ። እሱ እና በእሱ ብቻ የሚገናኙ ሁሉ ፓዙ የፈለገውን ያህል ቢረዝም በቀጥታ በእሱ በኩል ይመጡባችኋል። ፕሪፔንዳችሁ ደርሷቸዋል፤ ግን የፓዙን ርዝመት ከማየታቸው በፊት ወስነዋል።

ለዚህ መድኃኒቱ ኮሚዩኒቲ ነው። ብዙ አቅራቢዎች ደንበኛ በፕሪፊክሱ ላይ ለጥፎ የሚልከው ቁጥር ያዘጋጃሉ። ለምሳሌ 64502:80 ከለጠፋችሁ «በእኔ ውስጥ ሎካል ፕሪፈረንሱን ወደ 80 አውርድልኝ» ማለት ይሆናል። ሌላው ቁጥር «ለእገሌ ፒር አታውጅልኝ» ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ እንደ አቅራቢው ይለያያል፤ ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቁ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ብትጠይቁ ደግሞ የበለጠ ትከበራላችሁ። ከተፈረመ በኋላ መልሱ «እናጣራለን» ነው። አንዱ ጋ ይህችን ዝርዝር ለማግኘት ክረምቱ አልፎብኛል።

ሦስተኛው መንገድ ፕሪፊክሱን ከፋፍሎ ማወጅ ነው። ስላሽ 23 ካላችሁ ስላሽ 23ቱን በሁለቱም በኩል አውጁ። ከዚያ አንዱን ስላሽ 24 በአንደኛው፣ ሌላውን ስላሽ 24 በሁለተኛው ጨምሩ። ረጅሙ ስለሚያሸንፍ ትራፊኩ ይከፈላል። አንዱ መስመር ሲወድቅ ስላሽ 23ቱ በሌላው በኩል ይይዘዋል። ከስላሽ 24 በታች አትውረዱ፤ ብዙው ዓለም አይቀበለውም። በአይፒቪ6 ገደቡ ስላሽ 48 ነው።

ጉልበቱን ለማየት የፓኪስታኑን ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። በአውሮፓ አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን አገር ውስጥ ለመዝጋት ብሎ 208.65.153.0/24ን አወጀ። አዋጁ በትራንዚት አቅራቢው በኩል ወደ ውጭ ሾለከ። ዩቲዩብ ያወጀው 208.65.152.0/22 ስለነበር ስላሽ 24ቱ አሸነፈ፣ የዓለም ብዙው ክፍል ለሁለት ሰዓት ያህል ዩቲዩብን አጣ። ዩቲዩብም ያንኑ ስላሽ 24፣ ቀጥሎም ስላሽ 25ዎችን በማወጅ ነው ያስመለሰው። ከፋፍሎ ማወጅ ከማንም ፕሪፔንድ የበለጠ ጉልበት አለው።

ፕሪፔንድ ስትጠቀሙም ሁለት ሦስት ይበቃል። ከዚያ በላይ ያስረዘመ ሰው፣ አንድ ቀን ሌላ ኔትወርክ ፕሪፊክሱን በስህተት ሲያውጅ የሌላው መንገድ አጭር ሆኖ ይወሰድበታል።

ግማሹ ዓለም ሲያየን ግማሹ ሲያጣን

ደሴ ያለ ወዳጄ ደወለልኝ። «የውጭ አጋሮቻችን አንዱ ይገባል፣ ሌላው ጭራሽ አይገኝም ይላል። ፋየርዎሉን አጥፍቼ ሞከርኩ፣ ያው ነው።» ፋየርዎሉን መልሶ እንዲያበራ ለመንኩትና ሉኪንግ ግላስ ከፈትን። አንዳንድ ኔትወርክ ላይ ፕሪፊክሱ አለ፣ አንዳንዱ ላይ የለም።

ነገሩ የአርፒኬአይ፣ ማን የትኛውን ፕሪፊክስ ማወጅ እንደሚችል በፊርማ የሚያረጋግጠው ሥርዓት ነበር። አፍሪካ ውስጥ አድራሻ የሚያድለው አፍሪኒክ ነው። ባለ አድራሻው እዚያ ገብቶ «ይህን ፕሪፊክስ ይህ ኤኤስ ሊያውጅ ይችላል፣ እስከዚህ ርዝመት ድረስ» ብሎ አርኦኤ ይፈርማል። የወዳጄ ድርጅት አርኦኤ ላይ የተጻፈው ስላሽ 23፣ ከፍተኛው ርዝመትም 23 ነው። ትራፊክ ለመክፈል ሲባል ስላሽ 23ቱ ተነስቶ ሁለት ስላሽ 24 ብቻ እየታወጀ ነበር። አርፒኬአይ የሚያጣሩ ኔትወርኮች ስላሽ 24ቱን ልክ ያልሆነ ብለው ጣሉት። የማያጣሩት ተቀበሉት። ከፍተኛውን ርዝመት 24 ማድረግ ወይም ለየስላሽ 24ቱ የየራሱን አርኦኤ መፈረም ነው መፍትሔው። ሁለተኛው ይሻላል፤ የምታውጁትን ብቻ ነው የምትፈቅዱት። እስኪታደስ ድረስ ግን ስላሽ 23ቱን መልሱት። መልሰነው በዚያው ቀን የጠፉት አጋሮች ተመለሱ።

አዲስ ፕሪፊክስ ወይም አዲስ አቅራቢ ስትጨምሩም የአቅራቢውን ማጣሪያ አስታውሱ። የእናንተ ፕሪፊክስ በዝርዝሩ ካልተጨመረ የቢጂፒ ሴሽኑ (ግንኙነቱ) አፕ ሆኖ፣ እናንተ እያወጃችሁ፣ ማንም አይሰማችሁም። «ከእኛ ስንት ፕሪፊክስ ተቀበላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ፒንግ ይሠራል፣ ገጹ አይከፈትም

ወደ ሁለተኛው መስመር ከተዞረ በኋላ ይህ ከመጣ ኤምቲዩ (መስመሩ የሚያሳልፈውን ትልቁን የፓኬት መጠን) ጠርጥሩ። ሁለተኛው መስመር ፒፒፒኦኢ ከሆነ 1492፣ በጂአርኢ ታነል ውስጥ ከሆነ 1476 ባይት ብቻ ነው የሚያልፈው። ትንሹ ፓኬት ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል። «ቀንሰህ ላክ» የሚለው የአይሲኤምፒ መልእክት መንገድ ላይ ከተዘጋ ላኪው ምንም ሳያውቅ ይጠብቃል። ፓኬቱ መንገድ ላይ እንዳይበጣጠስ ከልክላችሁ በ1472 ባይት ፒንግ አድርጉ፤ ከራስጌው 28 ጋር 1500 ይሞላል። ካላለፈ እየቀነሳችሁ የሚያልፈውን አግኙ። ከዚያ ራውተሩ ላይ የቲሲፒውን ኤምኤስኤስ (በአንድ ፓኬት የሚጫነውን ትልቁን የዳታ መጠን) ካገኛችሁት ኤምቲዩ 40 ቀንሳችሁ አስሩት። ለ1476 ከሆነ 1436።

ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ስለ መቀያየሪያው ጊዜም አንድ ነገር። በእናንተና በአቅራቢው መካከል ሚዲያ ኮንቨርተር ወይም የማይክሮዌቭ ሬዲዮ ካለ፣ ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ በኩል ዶፍ ሲወርድ ሬዲዮው ቢቋረጥም የእናንተ ኢንተርፌስ አፕ ሆኖ ይቆያል። ቢጂፒው ሞቱን የሚያውቀው ሆልድ ታይመሩ ሲያልቅ ነው። ሲስኮ ራውተር ላይ ካልነካችሁት 180 ሰከንድ ነው፤ የቢጂፒ መስፈርት የሆነው አርኤፍሲ 4271 የሚመክረው 90 ነው። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ትራፊካችሁ ገደል ይገባል። ከአቅራቢው ጋር ተስማምታችሁ ቢኤፍዲ (መቋረጥን ቶሎ የሚያሳውቅ ፕሮቶኮል) አብሩ፣ ካልቻላችሁ ታይመሩን ቀንሱ። ሴሽኑን ግን ደጋግማችሁ አትግደሉት። የሚወድቅ የሚነሳ ፕሪፊክስን ለጊዜው የሚያግዱ ኔትወርኮች አሉ። ፖሊሲ ከቀየራችሁ ራውት ሪፍሬሽ፣ ማለትም ሴሽኑን ሳያቋርጡ መንገዶቹን እንደገና መለዋወጥ ይበቃል።

ስልኩን ስታነሱ

«ኢንተርኔት ቀርፋፋ ነው» ካላችሁ ላይናችሁን ፈትሸው ይዘጉታል። ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ጠይቁ። እኔ እንዲህ ነው የማወራው፦

«ወንድሜ፣ ላይኑ አፕ መሆኑን አይቻለሁ። የምለምንህ አዲስ አበባ ካለው ራውተራችሁ ወደ 192.0.2.0/24 የምትሄዱበትን ኤኤስ ፓዝ እንድታነብልኝ ነው።»

እሱ ካልቻለ የፒሪንግ ወይም የአይፒ ኮር ቡድኑን እጠይቃለሁ። በትሕትና፣ ግን ሳልለቅ። ማታ ተረኛ ላይ መጮኽ ምንም አያመጣም፤ ነገም ያው ሰው ነው የሚያነሳው።

የጽሑፉ ቲኬት ደግሞ ይህን ይምሰል፦

«መነሻ 203.0.113.10፤ መድረሻ 192.0.2.25። የጀመረው ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡20፣ በዩቲሲ 06፡20። 200 ፓኬት ተልኮ 18 በመቶ ጠፍቷል፤ ጥፋቱ ከ7ኛው ሆፕ ጀምሮ እስከ መድረሻው ይቀጥላል። በተመሳሳይ ሰዓት በሌላው አቅራቢያችን በኩል ጥፋት የለም። ከመድረሻው ወደ እኛ የተሠራው ትሬስ ተያይዟል፤ በእናንተ በኩል አይመለስም። ስለዚህ የምንጠረጥረው መሄጃውን፣ ከ64510 ጋር ያላችሁን መገናኛ ነው። እባካችሁ መጨናነቁንና ኢረሩን እዩልን። ለጊዜው ይህን ፕሪፊክስ በሌላ መንገድ ማሳለፍ ትችሉ እንደሆነም አሳውቁን።»

ሰዓቱን በዩቲሲም የጻፍኩት በምክንያት ነው። እኛ 3፡20 የምንለው በውጪው አቆጣጠር 9፡20 ነው፣ በራውተሩ ሎግ 06፡20። አዲስ አበባ ያለው ኢንጂነር ይገባዋል። ጉዳዩ ወደ ውጭ ትራንዚት አቅራቢ ሲተላለፍ ግን 3፡20 የሌሊት ሎግ ያስፈትሻል፣ «ምንም የለም» ተብሎ ይመለሳል።

ችግሩ ሲፈታ ወዲያው በሁለቱም መስመር፣ በሁለቱም አቅጣጫ ለኩና ፋይሉ ውስጥ አስገቡ። ምን እንደቀየሩ በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ በጭንቀት ሰዓት ያስገባችሁትን ጊዜያዊ ፕሪፔንድና ሎካል ፕሪፈረንስ አንሱ። ስታስገቡት ቀኑንና የቲኬቱን ቁጥር አብራችሁ በራውተሩ ማስታወሻ ላይ ጻፉ፤ ያለዚያ የሚቀጥለው ተረኛ ለምን እንደተቀመጠ ስለማያውቅ አይነካውም።